በኪሮሽ ሥራ የዐይን ልክንና የክር ውጥረትን ማስተካከል፦ ለጀማሪዎች የአሠራር መመሪያ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ኪሮሽ ከጀመሩ ሰዎች የሚቀርብልኝ ጥያቄ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ «የተጻፈውን ቆጥሬ ሠርቼ ሳለ ሥራዬ ለምን ጠበበ?» አንዳንዱ ደግሞ የትራስ ልብሱ ከትራሱ የበለጠበትን ምክንያት ይጠይቃል። ሁለቱም ቆጠራውን ደጋግመው ያጣሩታል፤ ቆጠራው ግን ትክክል ነው፤ ያልተስተካከለው የእያንዳንዱ ዐይን መጠን ነው።

በዚህ መመሪያ ውስጥ «ዐይን» የምለው መርፌው ሠርቶ የሚጨርሰውን አንድ ስፌት ነው። «የዐይን ልክ» የምለው በ10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ውስጥ ስንት ዐይን፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ውስጥ ደግሞ ስንት ረድፍ እንደሚገባ ነው። «ውጥረት» ክሩ በጣቶችዎ መካከል ሲያልፍ የሚኖረው መጥበቅ ወይም መላላት ነው። ውጥረቱ ሲለዋወጥ ልኩም አብሮ ይለዋወጣል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚደርስ በቁጥር ማየት ይቻላል። መመሪያው በ10 ሳንቲ ሜትር 18 ዐይን ብሎ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ትራስ 72 ዐይን ያዝዛል እንበል። እጅዎ ጠብቆ በዚያው 10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 20 ዐይን ካስገባ፣ ያው 72 ዐይን 36 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይወጣዋል። እጅዎ ላልቶ 16 ዐይን ከሆነ ደግሞ 45 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በአንድም ዐይን ሳይሳሳቱ አንዱ ለትራሱ አይገባም፣ ሌላው ይንዘላዘላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ለስላሳና ነጣ ያለ ቀለም ያለው ክር። ጥቁር ክርና ፀጉራም ክር ዐይኑን ስለሚደብቁ ለመማሪያ አይሆኑም።
• 3.5፣ 4 እና 4.5 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሦስት የኪሮሽ መርፌዎች፣ ቢቻል ከአንድ ዓይነት ነገር የተሠሩ።
• ቀጥ ያለ ጠንካራ ማስመሪያ። የልብስ ሰፊ ሜትር ሲያረጅ ስለሚለጠጥ ለዚህ ሥራ አይታመንም።
• ያልዛጉ ስፒሎች፣ ሁለት ወይም ሦስት መርፌ ቁልፍ፣ መቀስ።
• ለብ ያለ ውሃ የሚይዝ ሳህንና ንጹሕ ፎጣ።
• ወረቀትና እስክሪብቶ።

አሠራር

1. ክሩንና መርፌውን ያጣጥሙ።

የክሩ ጥቅል ወረቀት ካለው፣ በላዩ የሚስማማው መርፌ በሚሊ ሜትር፣ ብዙ ጊዜም የ10 በ10 ሳንቲ ሜትር ልክ ታትሞበታል። ያንን መነሻ ያድርጉ እንጂ እንደ ግዴታ አይውሰዱት፤ የተለካው በሌላ ሰው እጅ ነው። ወረቀቱ የወለቀ ክር ከገበያ ከገዙ ክሩን በመንጠቆው ጎድጓድ ውስጥ ያስቀምጡት። ከጎድጓዱ ጎላ ብሎ ከወጣ መርፌው ቀጭን ነው፤ ሲጎትቱም ክሩን ይሰነጥቀዋል። ጎድጓዱ ውስጥ ጠልቆ ከጠፋ መርፌው ወፍራም ነው።

ለሥራው የሚበቃውን ክር በአንድ ጊዜ ይግዙ። በሌላ ጊዜ የተነከረ ክር ቀለሙ አንድ ቢመስልም በጥቂቱ ሊለይ ይችላል፤ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።

በመርፌው ላይ ያለው ቁጥር ከተፋቀ በግምት አይሥሩ። ኮምቦልቻ ውስጥ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ያለው ጋራዥ ወይም ቶርኖ ቤት ማግኘት አያስቸግርም፤ በደቂቃ ይለኩልዎታል። የሚለካው ወጥ ውፍረት ያለው ዘንጉ መሆኑን ግን ይንገሯቸው፤ ጫፉን የለካ ሰው የተሳሳተ ቁጥር ይሰጥዎታል።

2. ክሩ በጣቶችዎ መካከል የሚያልፍበትን መንገድ ይወስኑ።

በቀኝ እጅዎ የሚሠሩ ከሆነ መርፌው በቀኝ፣ ክሩ በግራ ይሆናል፤ ግራኞች ሁሉንም በተቃራኒው ያድርጉ። ከጥቅሉ የሚመጣውን ክር በትንሿ ጣት ላይ አሳልፈው፣ ከቀለበት ጣትና ከመሃል ጣት ሥር አውጥተው፣ በሌባ ጣት ላይ ያውጡት። አውራ ጣትና መሃል ጣት የተሠራውን ጨርቅ ከመርፌው አጠገብ ይይዛሉ። ውጥረቱን የሚሰጠው ክሩ በየጣቱ ሲታጠፍ የሚፈጠረው መፋተግ ስለሆነ፣ ክሩን በጣት መጨበጥ አያስፈልግም።

ክሩ ቶሎ ቶሎ እየሾለከ ካስቸገረ በትንሿ ጣት ላይ አንድ ዙር ይጠምጥሙት። አልንቀሳቀስ ካለ ጥምጥሙን ያስቀሩት። ከእነዚህ ለእጅዎ የሚስማማውን ከመረጡ በኋላ እስከ ሥራው መጨረሻ አይለውጡት። ጥቅሉንም ወለል ላይ አይተዉት፤ በተንከባለለ ቁጥር ክሩን ይጎትተዋል። ዘንቢል ወይም ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርገው፣ ክንድ የሚያህል ክር አስቀድመው እየሳቡ ይሥሩ።

የአየሩ ጠባይም እዚህ ላይ ይገባል። ደሴ ላይ ጠዋት ብርዱ ጣት ስለሚያደነዝዝ ሰው ሳያውቀው ክሩን አጥብቆ ይይዛል፤ እጅን ሳያሞቁ መጀመር የመጀመሪያዎቹን ረድፎች ያጠባቸዋል። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ በቀትር ሙቀት እጅ ሲያልብ ክሩ በጣት ላይ ይያዛል፤ ውጤቱ ያው መጥበቅ ነው። እዚያ ላሉ እጅን ታጥቦ በደንብ ማድረቅና ቅባት ሳይቀቡ መሥራት ይበጃል።

3. ቀለበቱን በአንገቱ ላይ ሳይሆን በዘንጉ ላይ ይሥሩ።

ከጊዜዎ አብዛኛውን ለዚህ ደረጃ ይስጡ፤ ከሚቀርቡልኝ የጠበቡ ሥራዎች አብዛኞቹ የተበላሹት እዚህ ነው። የኪሮሽ መርፌ ክሩን የሚይዝ መንጠቆ፣ ከመንጠቆው ቀጥሎ ቀጠን ያለ አንገት፣ ከዚያ ወጥ ውፍረት ያለው ዘንግ፣ በመጨረሻም እጀታ አለው። 4 ሚሊ ሜትር የሚለው ቁጥር የዘንጉ ውፍረት ነው። ቀለበቱን፣ ማለትም በመርፌው ዙሪያ የሚያርፈውን ክር፣ በቀጭኑ አንገት ላይ የሚያጠብቅ ሰው የያዘው 4 ቁጥር ቢሆንም የሚሠራው ከዚያ ባነሰ መርፌ የተሠራ የሚመስል ዐይን ነው።

አጭሩን ስፌት በዝግታ እየሠሩ ይመልከቱ። መርፌውን ከታች ባለው ዐይን ውስጥ ያስገቡ፤ ክሩን በመንጠቆው ይያዙና ስበው ያውጡት። አሁን በመርፌው ላይ ሁለት ቀለበት አለ። እዚህ ላይ ይቁሙ። አሁን የወጣው ቀለበት የት እንደተቀመጠ ይዩ፦ አንገቱ ላይ ከሆነ መርፌውን ወደፊት ገፋ አድርገው ሁለቱም ቀለበቶች ወደ ዘንጉ እንዲወርዱ ያድርጉ። ከዚያ በኋላ ብቻ ክሩን ደግመው ይያዙና በሁለቱም ውስጥ አሳልፈው ይጨርሱ። የተጨረሰውም ቀለበት እንዲሁ ዘንጉ ላይ ይረፍ።

ትክክል መሆኑን የሚያውቁት እንዲህ ነው፦ ቀለበቱን በጣትዎ ሲገፉት በዘንጉ ላይ ያለ ትግል መንሸራተት አለበት፤ መርፌውን ሲያዘቀዝቁት ግን በራሱ ተንሸራቶ መውደቅ የለበትም። በሚቀጥለው ረድፍ መርፌው ወደ ዐይኑ ሲገባ መጠምዘዝና መግፋት ካስፈለገዎት ጠብቋል ማለት ነው።

ያ መጀመሪያ የሚወጣው ቀለበት የረድፉንም ቁመት ይወስናል። አንዳንዱ ሰው ካወጣ በኋላ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ረድፉ አጭርና ድፍን ይሆናል። ሌላው ወደ ላይ ከፍ ያደርገዋል፤ ረድፉ ይረዝማል። ሌላው ደግሞ እንደወጣ ይተወዋል። ከሦስቱ አንዱም ስህተት አይደለም፤ ስህተቱ በአንድ ረድፍ ውስጥ ሦስቱን መቀላቀል ነው።

4. መነሻውን ሰንሰለት በወፈረ መርፌ ይሥሩ።

ሥራውን በ4 ሚሊ ሜትር የሚሠሩ ከሆነ ሰንሰለቱን በ4.5 ይጀምሩት፤ ከዚያ ለመጀመሪያው ረድፍ ወደ 4 ይመለሱ። ሰንሰለት ከስፌት ያነሰ የመለጠጥ አቅም ስላለው ሲጠብቅ የሥራውን ታችኛ ጠርዝ ሰብስቦ ይይዘዋል፤ ጨርቁም ከታች ጠባብ፣ ከላይ ሰፊ ይሆናል። ይህ ከታጠበም በኋላ አይስተካከልም።

5. 15 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ናሙና ይሥሩ።

የሚፈለገው ልክ በ10 ሳንቲ ሜትር 18 ዐይን ከሆነ፣ 15 ሳንቲ ሜትር 27 ዐይን ይፈልጋል። ስለዚህ 28 ሰንሰለት ይሥሩ፤ ከመርፌው ሁለተኛ በሆነው ሰንሰለት ላይ ጀምረው 27 አጫጭር ስፌት ይሥሩ። በየረድፉ መጨረሻ አንድ ሰንሰለት ሠርተው ሥራውን ያዙሩ። ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር እስኪደርስ ይቀጥሉ። ናሙናው ከ10 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥበት ምክንያት የዳርና የዳር ዐይኖች ሁልጊዜ ስለሚጣመሙ ነው፤ የሚለካው መሃሉ ነው።

የመጨረሻው ዐይን ላይ መርፌ ቁልፍ ያድርጉና በየረድፉ 27 መሆኑን ይቁጠሩ። ናሙናው እየጠበበ ሲሄድ ብዙ ጀማሪ «እጄ ጠበቀ» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በየረድፉ ጫፍ አንድ ዐይን እየዘለለ ነው።

መመሪያውን ከቪዲዮ የወሰዱት ከሆነ የየት አገር እንደሆነ ያጣሩ። አሜሪካኖች ሲንግል ክሮሼ የሚሉትን አጭር ስፌት እንግሊዞች ደብል ክሮሼ ይሉታል፤ አሜሪካኖች ደብል ክሮሼ የሚሉት ግን መርፌው ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥሞ የሚጀመረው ረጅሙ ስፌት ነው። በስሙ ተሳስተው ከሠሩ የረድፉ ልክ ፈጽሞ አይገጥምም፤ መርፌ መቀያየርም አያድነውም።

6. ናሙናውን ይጠቡና ያድርቁ።

የተሠራው ዕቃ ወደፊት መታጠቡ ስለማይቀር፣ መለካት ያለበት ከታጠበ በኋላ ያለው መጠን ነው። ጥጥ ሊሰበሰብ ይችላል፤ አክሪሊክ (ሰው ሠራሽ ክር) ብዙ ጊዜ ይላላል። ናሙናውን ለብ ባለ ውሃ ነክረው ያውጡት፤ ሳይጠመዝዙ በፎጣ ጠቅልለው ይጫኑት፤ ከዚያ ሳይለጥጡ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግተው ጠርዞቹን በስፒል ይያዙ።

ኮምቦልቻ ላይ በጥላ ሥር ቶሎ ይደርቃል። ደሴ በክረምት ግን እስከ ማግስቱ ቢቆይ አይገርምም፤ ይታገሡ። ለማፋጠን ብለው ከሰል ላይ የሚያንዣብቡ አሉ፤ ይህ በማስጠንቀቂያው ክፍል ተመልክቷል።

7. ይለኩ።

ስፒሎቹን ነቅለው ናሙናው ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ይረፍ። ማስመሪያውን በአንድ ረድፍ ላይ አግድም ያስቀምጡ፤ ዜሮው ላይ አንድ ስፒል፣ 10 ላይ ሌላ ስፒል ይትከሉ፤ በመካከላቸው ያሉትን ዐይኖች ይቁጠሩ። ግማሽ ዐይን ካለ ግማሽ ብለው ይጻፉ። ግማሿ ለትራስ ልብስ ብዙም ላትታይ ትችላለች፤ ለአልጋ ልብስ ግን ትታያለች። በ18 ዐይን ልክ 2 ሜትር እንዲሆን የተጀመረ 360 ዐይን፣ ልኩ 17.5 ሆኖ ከተገኘ 206 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል።

በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ይለኩ። ሦስቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ አማካዩን ይውሰዱ። ከተራራቁ ወደ ደረጃ 3 ይመለሱ፤ ውጥረቱ ገና ስላልረጋ መርፌ መቀየር ለጊዜው አይጠቅምም። ቀጥሎም ማስመሪያውን ወደ ቁመት አዙረው ረድፎቹን ይቁጠሩ።

8. እጅዎን ሳይሆን መርፌውን ይቀይሩ።

ከሚፈለገው በላይ ዐይን ከቆጠሩ ዐይኖቹ ትንንሽ ናቸው፤ በግማሽ ሚሊ ሜትር የወፈረ መርፌ ይውሰዱ። ካነሰ የቀጠነ ይውሰዱ። ከዚያ አዲስ ናሙና ሠርተው፣ አጥበው፣ እንደገና ይለኩ። አሰልቺ መሆኑ አይካድም፤ ሙሉ የአልጋ ልብስ ከመተርተር ግን ይሻላል።

«እጄን ላላ አድርጌ እሠራለሁ» የሚለው ዘዴ የማይሠራበት ምክንያት አለ። ሰው ሆን ብሎ ያላላው እጅ ቡና ላይ ጨዋታ ሲደራ ወደ ተፈጥሮው ይመለሳል፤ በሥራው ላይም የላላና የጠበቀ ቦታ እየተፈራረቀ ይታያል።

የዐይኑ ቁጥር ገጥሞ የረድፉ ቁጥር ካልገጠመ መርፌውን አይንኩት፤ ለዐይኑ ቅድሚያ ይስጡ። ለትራስና ለአልጋ ልብስ ረድፍ በመጨመር ወይም በመቀነስ ይካካሳል። ረድፉ ራሱ ወሳኝ ከሆነ ደግሞ በደረጃ 3 የተገለጸውን የመጀመሪያ ቀለበት በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ አድርገው ይሞክሩ።

9. ክብ ሥራን በክብ ይለኩ።

የሶላት ኮፍያ ለመሥራት ላሰበ ሰው ጠፍጣፋ ናሙና በቂ አይደለም። በጠፍጣፋው ሥራው በየረድፉ ስለሚዞር ፊቱና ጀርባው ይፈራረቃሉ፤ በክቡ ግን ሁልጊዜ ፊቱ ወደ እርስዎ ነው፤ የብዙ ሰው እጅም በሁለቱ አንድ ዓይነት ልክ አያወጣም። ደግነቱ የኮፍያው አናት ራሱ ናሙና ሊሆን ይችላል።

ምሳሌ እንውሰድ። የራሱ ዙሪያ 57 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ኮፍያው አጥብቆ እንዲይዝ 2 ሳንቲ ሜትር ቀንሰን 55 እናድርገው። በቀጭን የጥጥ ክር ልኩ በ10 ሳንቲ ሜትር 24 ዐይንና 25 ዙር ከሆነ፣ 55 ሳንቲ ሜትር 132 ዐይን ይፈልጋል። በ6 አጭር ስፌት ጀምረው በየዙሩ 6 ዐይን ከጨመሩ 132 የሚደርሱት በ22ኛው ዙር ነው። እስከዚያ ግን አይጠብቁ፤ 12ኛው ዙር ላይ 72 ዐይን ይኖርዎታል፤ በአናቱ መሃል ከዳር እስከ ዳር ሲለኩትም 9.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ከዚያ ጉልህ ልዩነት ካለ ተርትረው መርፌ ይቀይሩ። ሳይለኩ ቀጥለው በ26 ዐይን ልክ ቢጨርሱት ኮፍያው 51 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆንና የአዋቂ ራስ ላይ አይገባም። በ22 ልክ ከሆነ 60 ይደርስና ዐይን ላይ ይወርዳል።

የአናቱ ቅርጽም ይናገራል። ጊዜው ሳይደርስ እንደ ሲኒ መጎድጎድ ከጀመረ ዙሮቹ ከዐይኖቹ ስፋት አንጻር ረዝመዋል ወይም መጨመሪያ ተዘሏል። ጠርዙ ከተንዘፈዘፈ ዙሮቹ አጥረዋል ወይም መጨመሪያው በዝቷል። መጀመሪያ ይቁጠሩ፤ ቁጥሩ ትክክል ከሆነ ጉዳዩ የውጥረት ነው።

10. በሥራው መካከል ደጋግመው ያጣሩ።

ረድፎቹ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ሲደርሱ፣ ከዚያም አዲስ ጥቅል በከፈቱ ቁጥር ይለኩ። ሥራውን አስቀምጠው ከቆዩ በኋላ ሲመለሱ መጀመሪያ በተረፈ ክር ጥቂት ረድፍ ሠርተው እጅዎን ያላምዱ።

ማስጠንቀቂያ

አክሪሊክ ክርን የጋለ ካውያ አያስነኩ፤ ከሰልም ላይ አያድርቁ። ሙቀቱ ክሩን ያቀልጠዋል ወይም መለጠጡን አጥፍቶ ልል አድርጎ ያስቀረዋል፤ የሄደው ቅርጽ አይመለስም። የበግ ሱፍን በፍል ውሃ ማሸትም አይገባም፤ ተሰብስቦ ይጠጥራል።

ክሩን በጣት ላይ ደም እስኪያግድ ድረስ አይጠምጥሙ። የእጅ አንጓዎ ወይም አውራ ጣትዎ ማመም ከጀመረ ያቁሙ፤ የሚያም እጅ ውጥረቱም አይረጋም።

ሕፃን ባለበት ቤት ስፒሎቹን ከናሙናው ከነቀሉ በኋላ ቆጥረው ይመልሱ።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

ናሙናውን እየለጠጡ መለካት ዋነኛው ነው። ሰው የሚፈልገውን ቁጥር እስኪያገኝ ድረስ ጨርቁን በማስመሪያው ላይ ይስበዋል፤ ሥራው ሲያልቅ ግን የሚስብለት የለም።

በተረፈ ክር ናሙና ሠርቶ ሥራውን በሌላ ክር መጀመርም የተለመደ ነው። ውፍረታቸው አንድ ቢመስልም ጥጥና አክሪሊክ በጣት ላይ የሚያልፉት በተለያየ መንገድ ነው። መርፌም እንዲሁ ነው፤ በብረት መርፌ ክሩ ይንሸራተታል፤ በቀርከሃ መርፌ ይያዛል። ስለዚህ መርፌው ጠፍቶ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ሌላ ቢገኝም እንደገና ይለካል።

ለሙሽራ የሚሠራን የአልጋ ልብስ እህትማማቾች ተከፋፍለው ሲሠሩት የእያንዳንዷ ቁራጭ በተለያየ መጠን ይወጣና ሲገጣጠም ይጨማደዳል። መፍትሔው ሁሉም አንድ ዓይነት መርፌ መያዛቸው አይደለም። እያንዳንዷ የየራሷን ናሙና ሠርታ፣ አንዷ በ4፣ ሌላዋ በ3.5 ብትሠራም ተመሳሳይ የዐይን ልክ የሚሰጣትን መርፌ መያዝ አለባት።

የመጨረሻው ስህተት ናሙናውን ተርትሮ ክሩን ለሥራው መጠቀም ነው። ክሩ እስኪያንስ ድረስ አይንኩት። በመርፌ ቁልፍ አንዲት ወረቀት ያያይዙበትና የክሩን ዓይነት፣ የመርፌውን ቁጥር፣ ከመታጠቡ በፊትና በኋላ የነበረውን የዐይንና የረድፍ ቁጥር ጽፈው ያስቀምጡት፤ በዚያው ክር ሌላ ነገር መሥራት ሲፈልጉ ከደረጃ 9 በስተቀር መለካቱን ከመነሻው መድገም አያስፈልግዎትም።